31 ኮመንት መጣብኝ ብለሽ አትደንግጪ

ጥያቄው፦ «ሰላም ዶክተር። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የሕብረተሰብ ጤና መምህር ነኝ። የማስተርስ ቴሲሴን የሠራሁት ነፍሰ ጡር እናቶች የብረትና ፎሊክ አሲድ ክኒን በአግባቡ ይወስዳሉ ወይ በሚለው ላይ ነው፤ በአራት ጤና ጣቢያ 423 እናቶችን ጠይቄ። ሁለት የውጭ ጆርናሎች ለገምጋሚ እንኳ ሳይልኩ መለሱብኝ። ሦስተኛው ከአምስት ወር በኋላ ‹ሜጀር ሪቪዥን› (ብዙ ማሻሻያ ይደረግበት) ብሎ 31 ኮመንት ላከልኝ፤ ደብዳቤውን አያይዤዋለሁ። ገምጋሚ 2 ሰድቦኛል ማለት ይቻላል። መልስ ለመስጠት 60 ቀን አለኝ። በዚህ መሀል አንድ ጆርናል በ150 ዶላር በአምስት ቀን እናትምልሽ ብሎ ኢሜይል ጻፈልኝ። የደረጃ እድገት ማመልከቻ ጊዜውም ደርሷል። አውጥቼ ወደዚያ ልላከው? ወይስ እስኪለይለት ሁለቱም ጋ ይሁን? ደግሞስ ገምጋሚ 2 ማን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም?»

እህቴ፣ ከኢሜይሉ ልጀምር። የሚያጣድፈው እሱ ነው። አትክፈዪ። መልስም አትጻፊላቸው።

እውነተኛ ግምገማ በአምስት ቀን አያልቅም። ኤዲተሩ መጀመሪያ ራሱ ያነበዋል። ለግምገማ ይመጥናል ካለ ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ይፈልጋል። ለገምጋሚ ደግሞ በአብዛኛው አይከፈለውም። እኔ ራሴ የምገመግመው ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው፤ ከሚመጣልኝ ጥያቄም ብዙውን አልቀበልም። አንዱ እምቢ ይላል፣ አንዱ እሺ ብሎ ይጠፋል፣ ሌላው ወር ቆይቶ ሦስት መስመር ይልካል። ያንቺ አምስት ወርም እንዲሁ ሳያልቅ አልቀረም። በአምስት ቀን አትማለሁ የሚልሽ ሰው ጽሑፍሽን ለማንበብ ሐሳብም የለው።

በ2013 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ይህን በተግባር ፈትሾታል። ማንም የዘርፉ ሰው ሊያየው የሚገባ ስህተት የሞላበት የካንሰር መድኃኒት ጥናት ፈበረከ። ጸሐፊ ተብዬዎቹን የሌሉ የአፍሪካ ተቋማት ሠራተኞች አደረጋቸው፤ አንደኛው «ተቋም» አስመራ ነበር። ለ304 ጆርናሎች ላከው። 157ቱ ተቀበሉት። ውጤቱ ሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። እኔን የከነከነኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ከተቀበሉት መካከል በታላላቅ አሳታሚዎች ስር ያሉ ጆርናሎችም ነበሩ። ስለዚህ ስም ብቻ አይተሽ አትመኚ። የኤዲቶሪያል ቦርዱን ሰዎች ፈልጊ፤ አባል መሆናቸውን በራሳቸው ገጽ ላይ ጽፈዋል? በቅርብ የወጡ ሁለት ሦስት ጽሑፎችን ባንቺው ዘርፍ አንብቢ፤ ተማሪሽ አምጥቶት ቢሆን ታሳልፊው ነበር? ዲኦኤጄ የሚባለው የክፍት ጆርናሎች ማውጫም አንድ ማጣሪያ ነው።

ለሁለቱም ልላክ ያልሽው አይሆንም። አንድ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚቀመጠው። ሲላክ «ሌላ ቦታ አልቀረበም» ብለሽ አረጋግጠሻል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ያ ባለ 150 ዶላሩ አንዴ ካተመው በኋላ ቢቆጭሽም መመለሻ የለውም። የታተመ ነገር ሌላ ጆርናል አይወስድልሽም። አውጡልኝ ስትያቸው የማውጫ ክፍያ የሚጠይቁም አሉ። የ423 እናቶች መረጃ እዚያው ተቀብሮ ቀረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «ሜጀር ሪቪዥን» የሚለውን ቃል አይተሽ የከፋሽ ይመስለኛል። እኔ ደግሞ ደብዳቤሽን ሳነብ ደስ አለኝ። ኤዲተሩ ሊጥልሽ ቢፈልግ «ሪጀክት» ማለት ይችል ነበር፤ ቀላል ነው፣ ሁለት መስመር ነው። እሱ ግን ሁለት ሰው ፈልጎ፣ አምስት ወር ጠብቆ፣ 31 ነጥብ ላከልሽ። ይህ ማለት «ካስተካከልሽው ልወስደው እችላለሁ» ነው። ቃል ኪዳን አይደለም፤ ግን በሩ ተከፍቷል።

ተናዶ ጽሑፍን ከጆርናል መልሶ መውሰድ ያንቺ ሐሳብ ብቻ እንዳይመስልሽ። አልበርት አይንስታይንም አድርጎታል። በ1936 ከናታን ሮዘን ጋር ሆኖ የስበት ሞገድ የለም የሚል ጽሑፍ ለፊዚካል ሪቪው ላከ። ኤዲተሩ ለገምጋሚ ሰጠው፤ ገምጋሚው ስህተት አለበት ብሎ ረጅም አስተያየት ጻፈ። አይንስታይን ተቆጣ። ሳይታተም ለሌላ ሰው እንድታሳዩ አልፈቀድኩም ብሎ ጽሑፉን ወሰደና ወደ ሌላ ጆርናል ዞረ። ገምጋሚው ግን ልክ ነበር። ኋላ እንደታወቀው ሃዋርድ ሮበርትሰን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ነው፤ ስህተቱንም በአይንስታይን ረዳት በኩል አስረዳ። ጽሑፉ በ1937 ሲታተም መደምደሚያው ተገልብጦ ነበር። የስበት ሞገድ ራሱ በ2015 በመሣሪያ ተያዘ። አስቢው፤ ያ ገምጋሚ ዝም ብሎት ቢሆን አይንስታይን የስበት ሞገድ የለም ብሎ አትሞ ይቀር ነበር።

እንግዲህ የገምጋሚ 2ን «ስድብ» ልይልሽ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አነጋገሩ ደረቅ ነው፤ አልክድም። ግን ስድብ አላገኘሁበትም። ኮመንት 4 ላይ «ጸሐፊዎቹ ‹በአግባቡ መውሰድ› ለሚሉት መለኪያ የመረጡት በዘፈቀደ ይመስላል» ይላል። አንቺ በሳምንት አራት ቀንና ከዚያ በላይ የወሰደችውን «በአግባቡ ወስዳለች» ብለሻል። እኛ አገር የወጡ ብዙ ጥናቶች እንደዚያ ስለሚያደርጉ አንቺም ተከተልሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግን በየቀኑ ነው። ይህን የአገራችንን ልማድ የማያውቅ ሰው «ለምን አራት?» ቢል ምን ያስገርማል? ጽሑፍሽ ውስጥ ደግሞ ምክንያቱ አንድም ቦታ የለም። ፈለግሁት፤ የለም።

ገምጋሚ ማለት ጽሑፍሽን መጀመሪያ ያነበበ የማያውቅሽ ሰው ነው። እሱ ካልገባው ነገ የሚያነበው ሌላውም አይገባውም። ኮመንቱን እንደ ክስ ሳይሆን «እዚህ ጋ ጠፋሁ» እንደሚል ሰው ጩኸት አንብቢው። ገምጋሚው ተሳስቶም ቢሆን፣ ያሳሳተው አረፍተ ነገር አለ፤ አረፍተ ነገሩን አስተካክዪ።

ለኮመንት 4 እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። የመረጃ ማሰባሰቢያው ቅጽሽ ቀኖቹን በቁጥር መዝግቧል፤ ስለዚህ ትንተናውን በሌላ መቁረጫ ድገሚው። ስድስት ቀን፣ ሰባት ቀን አድርገሽ እዪ። ዋናው ግኝት ካልተለወጠ በአንድ ተጨማሪ ሠንጠረዥ አስቀምጪው። ከተለወጠ ደግሞ ያ ራሱ ግኝት ነው፤ አትደብቂው። ከዚያ ደብዳቤው ላይ ፍሬ ሐሳቡ ይህን የመሰለ መልስ ጻፊ፦ «ስለ አስተያየቱ እናመሰግናለን። አራት ቀን የመረጥነው ከቀደሙት የአገራችን ጥናቶች ጋር ለማነጻጸር ነው፤ ይህንን አሁን በገጽ 6 መስመር 112 ላይ አስረድተናል። በተጨማሪም ትንተናውን በሰባት ቀን መለኪያ ደግመን ውጤቱን በተጨማሪ ሠንጠረዥ 2 አቅርበናል።» አየሽ? ሙግት የለበትም፣ መለማመጥም የለበትም። ምን አደረግሽ፣ የት ጋ አደረግሽው። ሌላ ነገር አይፈልግም።

ኮመንት 11 ደግሞ የጽሑፍሽ ደካማ ጎን ያለበት ነው፤ እዚህ ጋ ቆም በዪ። ክኒኑን በአግባቡ በመውሰድ «ኮሌጅ የጨረሱ እናቶች 9.8 እጥፍ» ብለሽ በአብስትራክቱ (በመግቢያው አጭር ማጠቃለያ) ሳይቀር አጉልተሽ ጽፈሻል። የመተማመኛ ክልሉ፣ ማለትም እውነተኛው ቁጥር ሊገኝበት የሚችለው ርቀት፣ ከ1.1 እስከ 87 ነው። እህቴ፣ ይህ ቁጥር አይደለም፤ ከአዲስ አበባ እስከ መቀሌ ያለ ቦታ ሁሉ «ሰፈሬ ነው» እንደማለት ነው። ሠንጠረዥ 3ን ስቆጥር ኮሌጅ ጨርሰው ክኒኑን ያልወሰዱት አንድ እጅ ጣት አይሞሉም። ገምጋሚው ያንን ነው ያየው። የትምህርት ደረጃውን ከአምስት ወደ ሦስት ምድብ ጠቅልዪና ትንተናውን እንደገና ሥሪ። 9.8ቱ ይወርዳል። ይውረድ። ከአብስትራክቱም አውጪው።

እዚያው ጎን ለጎን «ተጽዕኖ»፣ «ምክንያት»፣ «ወሳኝ» የሚሉትን ቃላት አንድ በአንድ ፈልገሽ አጥፊ። አንድ ጊዜ ብቻ የተጠየቁ እናቶች ናቸው። ግንኙነት አለ ማለት ትችያለሽ፤ ከዚያ ማለፍ አትችይም። የተጠየቁት ደግሞ ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ የመጡት ብቻ ናቸው። ቤት የቀረችው የለችበትም። ርዕስሽ ግን «የወረዳው ነፍሰ ጡር እናቶች» ይላል። ርዕሱን አጥብቢው።

ሁሉንም እሺ በዪ እያልኩሽ አይደለም። ኮመንት 19 እናቶቹን እስከ ወሊድ ተከታትላችሁ ሥሩ ይላል። ይህ ሌላ ጥናት ነው፤ ሌላ ገንዘብ፣ ሌላ ሁለት ዓመት። በትህትና «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ የጥናቱ ንድፍ ግን አይፈቅድም፤ በውስንነቶች ክፍል ጠቅሰነዋል» ብለሽ እለፊው። ኤዲተሩ ሰው ነው፤ ይገባዋል። ኮመንት 27 ላይ አምስት ጽሑፎች ጥቀሱ ተብሏል። አየኋቸው፤ አምስቱም ላይ የሚገኝ አንድ ስም አለ። ሁለቱ ከርዕስሽ ጋር ይገናኛሉ፤ እነሱን ጥቀሺ። ሦስቱ ስለ አረጋውያን ናቸው። ለምን እንዳልተጠቀሱ በአንድ አረፍተ ነገር ጻፊና ለኤዲተሩ በሚሄደው ማስታወሻ ላይ በጨዋ ቃል ንገሪው። ገምጋሚ የራሱን ጽሑፎች ለማስጠቀስ ሲሞክር ያጋጥማል፤ ጥሩ ኤዲተር ማወቅ ይፈልጋል።

«እንግሊዝኛው በአፍ መፍቻ ተናጋሪ ይታረም» የሚለው ኮመንት ደግሞ ሁላችንንም ይነካናል። እኔ በፊት በጣም ነበር የሚያንገበግበኝ። አሁን ሳየው ብዙ ጊዜ ችግሩ ሰዋስው አይደለም። አረፍተ ነገራችን ይረዝማል። አማርኛችን ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ፣ በእንግሊዝኛም ዋናውን ነገር ወደ ኋላ እንገፋዋለን። መግቢያሽ ላይ 71 ቃል ያለው አረፍተ ነገር አለ፤ ቆጠርኩት። ለሦስት ቁረጪው። በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ መሣሪያ ቋንቋውን ማስተካከል ብዙ ጆርናሎች ይፈቅዳሉ፤ ግን መጠቀምሽን ግለጪ። ማጣቀሻ ግን በፍጹም እንዳታስጽፊው። የሌለ ጽሑፍ፣ የሌለ ጸሐፊ ፈጥሮ ይሰጥሻል፤ ሁለት ጊዜ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ለግምገማ ደርሶኝ ሁለቱንም ወዲያው መልሻለሁ።

ስለ ሥራው አካሄድ ትንሽ ልበል። 31ዱን ኮመንት በአንድ ሠንጠረዥ አስገቢያቸው፤ በአንድ በኩል ኮመንቱ ቃል በቃል፣ በሌላው መልስሽ፣ በሦስተኛው ገጽና መስመር። አንዱንም አትዝለዪ። ገምጋሚ መጀመሪያ የሚፈልገው የተዘለለችውን ነው። በቀላሉ ጀምሪ፤ የፊደል ግድፈት፣ የጎደለ ማጣቀሻ። በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ አሥሩ ያልቃል፣ መንፈስሽም ይረጋጋል። ትንተናውን ግን አማካሪሽ ሳያየው አትላኪ። 60 ቀን ካልበቃሽ ቀኑ ሳይደርስ ለኤዲተሩ ሁለት መስመር ጻፊ። ሲጠይቁት ሲከለክል ያየሁት የለም ማለት ይቻላል፤ ሳይጠይቁ መዘግየት ነው የሚያበላሸው። መልስ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ በዓይንሽ ማየት ከፈለግሽ ቢኤምሲ የተባለውን አሳታሚ ሕክምና ነክ ጆርናሎች ክፈቺ። ብዙዎቹ የገምጋሚዎቹን አስተያየትና የጸሐፊዎቹን መልስ ከጽሑፉ ጋር ያወጡታል። ባንቺው ርዕስ የወጡ ሦስቱን አንብቢ። ከየትኛውም የሥልጠና ወርክሾፕ ይሻላል፤ አበልም ባይኖረው።

ሁለቱ ጆርናሎች ሳያስገመግሙ የመለሱብሽ ለምን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። የላክሽላቸው ቴሲሱን ነው። ያጠረ ቴሲስ፣ ግን ቴሲስ። የመጀመሪያው አንቀጽ ደም ማነስ በዓለም ላይ ስንት ሰው እንደያዘ፣ ሁለተኛው በአፍሪካ፣ ሦስተኛው በኢትዮጵያ፤ ከዚያ «በዚህ ወረዳ እንዲህ ያለ ጥናት አልተደረገም»። ይህን መግቢያ ስንቱ ኤዲተር አይቶታል! ያንን የ423 ሰው ናሙና ስንቱ አይቶታል! ቀመሩ ያው ነው፤ 50 በመቶው ይወስዳሉ ተብሎ ይገመታል፣ 5 በመቶ የስህተት ልዩነት ይያዛል፣ 384 ሰው ይወጣል፣ ከዚያ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ይጨመራል። ቁጥሩን ሳይ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። ስሌቱ ስህተት አይደለም። ግን «እዚህ ወረዳ አልተጠናም» ለአንባቢ ምክንያት አይሆንም፤ ለጃካርታ አንባቢ ወረዳሽ ምኑ ነው? አንቺ ግን የያዝሽው ሌላ ነገር አለ። ገጽ 14 ላይ በአንድ መስመር አልፈሽዋል፤ ክኒኑን ካቋረጡት እናቶች ብዙዎቹ ያቋረጡት ጤና ጣቢያው ውስጥ ክኒን ስላለቀ ነው። ሁላችንም ስለ እናቶች እውቀት እንጽፋለን፤ አንቺ የአቅርቦት ችግር አግኝተሻል! እሱ ወደ አብስትራክቱ ይምጣ፤ መግቢያውም እሱን ይጠይቅ። የኮሌጇን 9.8 ካወጣሽበት ቦታ ላይ አስገቢው። ለእንዲህ ያለ ጥናት የተዘጋጀ ስትሮብ የሚባል ባለ 22 ነጥብ ማመሳከሪያ አለ፤ በእሱ አንድ ጊዜ ፈትሺው።

ስለ ገንዘብ። ብዙዎቹ ትላልቅ ክፍት አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ጸሐፊዎች ክፍያውን ይተዋሉ፤ ኢትዮጵያ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው፣ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የምርምር ጽሑፎችን በሚያቀርበው ፕሮግራም ዝርዝር የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ናት። ግን ብዙ ጊዜ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ጽሑፉ ሲላክ ነው፤ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ አይሰማም። አንቺ መጀመሪያ ስትልኪ ያችን ሳጥን ነክተሻታል? የላክሽበትን ማረጋገጫ ኢሜይል ዛሬውኑ ክፈችና አረጋግጪ። ካልነካሽ ለኤዲቶሪያል ቢሮው ቶሎ ጻፊ። ይህኛው ባይሳካስ? የአገራችንን ጆርናሎች አትናቂ። የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ከ1962 ጀምሮ እየወጣ ነው። ጅማ የሚወጣው የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ ጆርናልም ፐብሜድ በሚባለው የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ ላይ ይገኛል፤ ስለ ክኒን አቅርቦት የሚወስኑት ሰዎች የሚያነቡትም እነዚህን ነው። ለደረጃ እድገቱ ደግሞ ኮሚቴው የሚቀበላቸውን ጆርናሎች ዝርዝር አስቀድመሽ ከዲፓርትመንትሽ ውሰጂ። ያ ባለ 150 ዶላሩ እዚያ ላይ ይኖር አይኖር እሱንም ታያለሽ።

የመጨረሻው፣ ገምጋሚ 2 ማነው ያልሽው። ጆርናሉ ራሱ ካላወጣው አይነገርሽም፤ አትገምቺ። እኔ ገምቼ አውቃለሁ። የመጀመሪያ ጽሑፌ ላይ አንዱ ገምጋሚ ናሙና አወሳሰዴን ክፉኛ ተችቶ ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባዬ በሴሚናር ላይ ስለ ናሙና ተመሳሳይ ነገር አነሳ። እሱ ነው፣ አልኩ። ዘጋሁት። ሻይ ቤት ሲገባ እወጣለሁ፣ ኮሪደር ላይ ስልክ የማወራ እመስላለሁ። ሰባት ወር እንዲህ ሆንኩ። ጽሑፉ ሲታተም ጆርናሉ የገምጋሚዎቹን ስም አብሮ አወጣው። ባንግላዴሽ ያለች አንዲት ባለሙያ ናት። ባልደረባዬ እስከ ዛሬ ለምን እንደዘጋሁት አያውቅም።